ስልክ ሲደወል ኮቱን የሚቆልፈው መኩሪያ

መኩሪያ የሞተ ቀን ስልኩን ያነሳሁት ተጋድሜ ነው። እሱ ቢሆን ይነሳ ነበር። ብድግ ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከዚያ ነው «አቤት» የሚለው። እኔ ግን ሶፋ ላይ እግሬን ሰቅዬ፣ አንዱ ካልሲዬ ወልቆ፣ አፌ ውስጥ ብርቱካን ይዤ «እ» አልኩ። ከሆስፒታል ነርስ ናት። ስዊድንኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ግን እንዲህ ያለ ወሬ የሚያመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀስ ስለሚል ይገባል። ብርቱካኑን አልዋጥኩትም፣ አልተፋሁትም። ጉንጬ ውስጥ እንደያዝኩት ቆየሁ።

ይሄን የምትጽፈው ልጄ አልማዝ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «እማዬ፣ ብርቱካኑ ይቅር» አለችኝ አሁን። አይቀርም። መኩሪያ ቢሰማው መጀመሪያ የሚስቀው በብርቱካኑ ነው።

ነርሷ እኔ ጋ የደወለችው «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታ የኔን ቁጥር ስላጻፈ ነው። ዘመዱ አይደለሁም፣ ጎረቤቱ ነኝ። የቅርብ ዘመድማ አለችው። አንዲት ልጅ አለችው፣ ሶስና የምትባል። የት እንዳለች ሳያውቅ ሞተ። አንድ ነገር ሊነግራት ሦስት ዓመት ሲታገል፣ ሳይነግራት።

ስዊድን፣ ዩልስታ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ውስጥ ነን፤ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሱ አራተኛ። ሰማያዊው ባቡር ከዚያ ወዲያ አይሄድም፣ መጨረሻው እኛ ነን። መጀመሪያ ያየሁት ምድር ቤት፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ገና ከአገር መምጣቴ ነው፣ ማሽኑን እንደ አውሬ እየፈራሁ በሩን ስከፍት፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ የልጅ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን እየፈለገ ያጣጥፋል።

«ሰርግ አለብህ እንዴ?» አልኩት።

«የለብኝም እትዬ።»

«ታዲያ ክራቫቱ ለካልሲው ነው?»

«ሰው ይገባ ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። «ይኸው እርስዎ ገቡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ሶደርተልየ የሚባል ከተማ፣ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ብሎን ያጠብቅ ነበር። ሚስቱ አልጋነሽ አዲስ አበባ ሞታበት፣ ሶስናን በዘጠኝ ዓመቷ አስመጣት። በመጣች በሳምንቱ በሬ ተንኳኳ። ክራቫት አስሯል። «እትዬ ዘነቡ፣ ሹሩባ ያስተምሩኝ» አለኝ። ልጅቷን መሀላችን አስቀምጠን፣ ግማሹን ራስ እኔ ግማሹን እሱ ሠራን። ያ ብሎን የለመደ ጣቱ ጸጉሩንም ያጠብቃል። የሱ በኩል ገመድ ይመስል ነበር። ልጅቷ መስታወት አይታ፣ አባቷንም አይታ፣ «ያባባ ጎን ይሻላል» አለች። ከልቧ አይደለም። ገና በዘጠኝ ዓመቷ ሰው ማስደሰት ታውቅበታለች።

ስለ ስልክ አነሳሱ ልንገራችሁ። ቤቱ ስልክ ሲደወል ይቆማል። ኮቱን ካወለቀ ይለብሳል፣ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ይቆልፋል፣ ከዚያ ያነሳል። የደወለው ሲናገር አንገቱን ዝቅ እያደረገ «አቤት፣ አቤት ጌታዬ» ይላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚደውለው ጋዜጣ ሻጭ ነው። እምቢ ማለት ነውር ይመስለዋል። ሦስት ዓይነት ጋዜጣ ይመጣለት ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ስለ ፈረስ ብቻ የሚያወራ ነው።

«አንተ ፈረስ አለህ?» እለዋለሁ።

መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ይጠርግና «ምን ላድርግ እትዬ፣ ሰው ነው እኮ የደወለው» ይላል። የሱ አነጋገር ይሄ ነበር። አውቶቡስ ነጂ ቢያመናጭቀው «ሰው ነው እኮ።» ፎቅ ላይ ያሉት ቢረብሹት «ሰው ናቸው እኮ።»

እንዲህ ባለ ጭምት እጅ ያደገች ልጅ እንዴት እንዲህ ያለች ቀልደኛ እንደወጣች አላውቅም። ውሸቴን ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያበላሸኋት። አባቷ ሥራ ሲውል እኔ ቤት ነበር የምትውለው፤ የኔን አካሄድ፣ የቄሱን ሳል፣ የዘማሪዋን ዓይን አገላበጥ እንድታሳየኝ እለምናት ነበር። በሳቅ ሆዴን ይዤ ስወድቅ ትጨምራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ግን ስትመልስ በስዊድንኛ ነው። አባቷ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ እንደዚያ እየተግባቡ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሌላ ሰው ስትሆን ብቻ ነው አማርኛ የምትናገረው። እኔን ስትሆን አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል።

ያን ጊዜ እንደዛሬው ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ቪዲዮ ይዞ አይዞርም፤ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ማየት ራሱ ገና እየተጀመረ ነው። ሶስና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሥራም ይዛለች፣ ክፍል ተከራይታ ወጥታለች። አንድ ቀን የአባቷን ኮት ለብሳ፣ ክራቫቱን አስራ፣ በዓይን እርሳስ ጢም ስላ፣ መነጽሩን አድርጋ ራሷን ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። ስልክ ይደወላል። ትነሳለች። ኮቷን ከላይ እስከ ታች ትቆልፋለች። አንገቷን ትሰብራለች። «አቤት፣ አቤት ጌታዬ።» የፈረሱን ጋዜጣ ትገዛለች። ስልኩን ስትዘጋ መነጽሯን በክራቫቷ ጠርጋ ወደኛ ታይና «ሰው ነው እኮ የደወለው» ትላለች። ያው ነው፣ ሦስት ደቂቃም አይሞላም። በሳምንቱ ያላየው አበሻ የለም። ጀርመን ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ያወሩታል፤ የኔ የእህት ልጅ ከአሜሪካ ደውላ «ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

እሱ ብቻ አላየውም። ኮምፒውተር የለውም።

ያየው ፊቲያ በሚባል ሰፈር ሰርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ እስኪገቡ ድረስ ሰው እንዳይሰለቸው ብለው ግድግዳው ላይ ትልቅ አድርገው አሳዩት። እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ምን ሳቅኩ ብቻ፣ ጠረጴዛ መታሁ፣ እንባዬ ወረደ። ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ «ድገሙት» ብላ ጮኸች፣ ደገሙት። ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ከፊቲያ ቤታችን ሁለት ባቡር ነው፤ ቀዩን ይዞ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ሰማያዊውን። ሰማያዊው ላይ፣ ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ «እትዬ፣ እኔ እንደዚያ ነኝ?» አለኝ።

«ነህ» አልኩት። ገና ሳቄ አላለቀም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሻይ የሚጠጣበት ክፍል ሲገባ ወጣቶቹ ተነስተው ኮታቸውን ቆለፉ። በሌላው እሁድም እንደዚያው። ሦስተኛው እሁድ አልሄደም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ማንንም አላስቀየመም፤ እንዲያ ተጠንቅቆ የያዘው አንድ ነገር ቢኖር ክብሩ ነው።

ሶስና ልትጠይቀው መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የልብስ ማጠቢያውን ተራ የምንይዝባትን ቁልፍ ተውሼው ልመልስለት ወጥቼ። ወጥ ቤት ቆመዋል። እሷ በስዊድንኛ ታስረዳዋለች፣ ጨዋታ ነው፣ በፍቅር ነው ትላለች፤ ከፊቷ ይገባኛል። እሱ ጭራሽ አይቆጣም የምንለው ሰውዬ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«የሰው መሳቂያ አድርገሽኝ ደስ አለሽ?» አላት። «ስሜን ተይልኝ። ከዛሬ ጀምሮ መኩሪያ ተብለሽ አትጠሪ።»

ሶስና አየችው። ከዚያ በአማርኛ «እሺ አባባ» አለች። ማንንም ሳትሆን፣ በራሷ ድምፅ። ያኔ መንቃት ነበረብን።

እኔ አፌ የማይዘጋው ሴትዮ ያን ቀን ቁልፍ ጨብጬ ቆምኩ። «ድገሙት ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ተቆጣ» ብል ምን ነበረበት? አላልኩም።

እዩ፣ እኛ አገር አባት ሲቆጣ እንዲህ ይላል። «ስሜን አትጥሪ፣ አባት አለኝ አትበይ» ይላል፣ ልጅ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ጉልበት ተስሞ ያልቃል። የምር ቅጽ የሚሞላ የለም። እዚህ አገር ግን ስም የሚቀየረው ወረቀት ሞልቶ በመላክ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ ነው ያደገችው። አባቷ ያላትን አደረገች።

እሱ ትመጣለች ብሎ ጠበቀ። እኔ አስታርቃለሁ ብዬ ጠበቅኩ። በአራተኛው ወር ስልኳ የሌላ ሰው ሆነ። ክፍሏ ሌላ ሰው ገባበት። መሥሪያ ቤት ሄዶ ተሰልፎ ጠየቀ፣ ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ አንድ ወረቀት አትማ ሰጠችው። ይዞት እኔ ቤት መጣ፣ ሳይቀመጥ አነበበልኝ። ሶስና መኩሪያ የሚባል ሰው የለም። ሶስና አልጋነሽ ነው የምትባለው፣ የእናቷን ስም ወስዳ። ከአገር ወጥታለች። አድራሻ የለም።

«ቆንጆ ስም ነው» አለኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። «እናቷ ብትኖር እንዲህ አትላትም ነበር።»

ወገቡ ታሞ ከፋብሪካው የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሰፈራችን ያለው ቢብሊዮቴክ፣ የመጻሕፍት ቤቱ፣ ሰኞ ሰኞ ለሽማግሌ ኮምፒውተር ያስተምራል ሲባል ሰማ። «እትዬ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ።

«እኔ ሀ አላውቅ፣ ኮምፒውተር ምን ሊሆነኝ ነው?»

«እኔ አነባለሁ፣ እርስዎ ፊት ይለያሉ» አለኝ። «ዓይኔ ደክሟል። ፎቶ ላይ ብትኖር ታልፈኛለች።»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። አስተማሪዋ ቢርጊታ የምትባል ጠና ያለች ስዊድናዊት ናት፤ ሁልጊዜ ትልቅ የሻይ ኩባያ ይዛ ነው የምትዞረው። እሱ ሁለቱንም ስም ይጽፋል፣ መኩሪያንም አልጋነሽንም። የለም። ታዲያ ምን እናድርግ፣ የአበሻ ድግስ ፎቶ የሚለጠፍበትን ቦታ ሁሉ እያወጣ አንድ በአንድ እናያለን። የለንደን አዲስ ዓመት፣ የፍራንክፈርት ልደት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ በሰርግ። እሱ ከኋላ የቆሙትን ይዩ ይለኛል። እኔ ከፊት ያሉትን ሳላማ አላልፍም።

«ይቺ ሙሽራ ተጣልታ ነው የገባችው» እላለሁ።

«እትዬ፣ ከኋላ።»

«ሚዜው ጫማ ጠቦታል። የሰው ጫማ ነው።»

«እትዬ በሞቴ፣ ከኋላ፣ በግራ በኩል ያለችው።»

«አይደለችም።»

«ደህና አድርገው ይዩ።»

«መኩሪያ፣ አይደለችም።»

ፊቱን ኮምፒውተሩ ላይ ከማስጠጋቱ የተነሳ ትንፋሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ በክራቫቱ ይጠርገዋል። ስንት መቶ ሰው ሰርግ እንደታደምን እንጃ፤ ማንም ሳይጠራን። ስንወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፣ «ዛሬ እንኳ አላገኘናትም» ይላል፣ «ዛሬ እንኳ» የምትለዋን ረገጥ አድርጎ።

ያንን ቪዲዮ ራሷ አጥፍታው ነበር፣ በተጣሉ ማግስት። ግን ሰው ገልብጦታል፣ እዚያም እዚህም አለ። መጀመሪያ ሰሞን «ምን ዓይነት የማይጠፋ ነገር ነው» እያለ ያማርር ነበር። በኋላ ሰኞ ሰኞ ከመነሳታችን በፊት አንድ ጊዜ ይከፍተዋል። ድምፁን ዘግቶ ያየዋል። ልጁን የሚያይበት ሌላ ነገር የለውማ፤ ያቺው እሱን ሆና ያለችው ናት። አንድ ቀን «ሦስተኛውን ቁልፍ ስቆልፍ ትከሻዬን እንዲህ እንደማደርግ አላውቅም ነበር» አለኝ። «ሰው እንዲህ ካላየኝ በቀር እንዴት ያውቃል? ማን እንዲህ አይቶኝ ያውቃል?»

ከዚያ ሁሉ ጋር ደግሞ ኢሜይል ከፈተ። ኢሜይል ከፍቶ የተቀበለውን ጉድ ብነግራችሁ! አንዲት የጄኔራል ባለቤት ነኝ የምትል ሴት ባሌ ሞተ፣ ይሄን ያህል ሚሊዮን ተቀበልልኝ ብላ ጻፈችለት። ሌባ ናት ብላ ቢርጊታ ነገረችው። «ሰው ነው እኮ የጻፈው» አለና መለሰላት። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ገንዘቡን አልፈልግም፣ ሶስና የምትባል ልጅ ብታጋጥምሽ ግን አባትሽ ይፈልግሻል በያት። የሚገርማችሁ ሌባዋ መለሰች። በአጭሩ፣ እንዲያገናኛችሁ እመኛለሁ ጌታዬ ብላ። ሚሊዮኑን ሁለተኛ አላነሳችም።

ሌላው እንትኑ ነው፣ የቅዱሳን ሥዕል ከሥሩ ጽሑፍ ያለበት። «ይህን መልእክት ለአሥራ ሁለት ሰው ብትልክ በሦስት ቀን ውስጥ የናፈቅከው ይመጣል፤ ብታቋርጠው ግን ወዮልህ» የሚል። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው የሚመጣው፣ በሳምንት አምስትም ስድስትም። እሱ እንዲህ ያለ ነገር የሚያምን ሰው አልነበረም። ልጅ የጠፋበት ሰው ግን ምኑን ትቶ ምኑን ይመርጣል? «ቢሆንስ?» ይለኛል።

ችግሩ ከላኪዎቹ ሌላ አንድ አድራሻ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሶስና ተማሪ ሳለች የጻፈችለት፣ ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፎ የቀረ። እሱም በፈረንጅ አፍ «እብዷ ድመት» የሚል ነው፣ ልጆች እንደሚያደርጉት። ያ የተከበረ ሰውዬ ክራቫቱን አስተካክሎ «እባክሽ ለእብዷ ድመት የምልክበትን አሳዪኝ» ሲላት ቢርጊታ ሻይዋ ትን አላት። ስሜን ተይ ያላትን ልጅ የሚጠራበት የቀረው ስም ያ ነበር።

እና አሥራ ሁለቱንም ለሷ ነው የሚልከው። አንዱን መልእክት አሥራ ሁለት ጊዜ።

«አሥራ ሁለት ሰው ነው እኮ የሚለው» አልኩት።

«እሷ ለኔ አሥራ ሁለት ሰው ናት» አለኝ። ላከ። ሥዕሉን ከነቀለሙ፣ ዝማሬ ያለበትን ከነዝማሬው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። መልስ የለም። «ዛሬ እንኳ የለም» ይላል።

የራሱን ደብዳቤ ግን አልላከም። ለምን አትጽፍላትም ስለው «እየጻፍኩ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ቤቱ በደብተር እየጻፈ ይቀዳል። መጀመሪያ ዘጠኝ ገጽ ነበር። ያነብልኝና ይቀዳዋል፣ ያሳጥረዋል። ይቅርታ የሚያክል ነገር በችኮላ አይላክም ባይ ነው። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ወረቀት ሆነች። ያን ሰኞ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በአንድ ጣት ሲጽፍ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ኮቱን ቆለፈ። ላከው።

ወዲያው መልስ መጣ።

ከሷ አድራሻ። እኔ እልል አልኩ፣ ቢብሊዮቴክ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ ቆመ። ቆሞ ማንበብ ዓይኑ አልቻለም፣ ቢርጊታ መጥታ አጎንብሳ አነበበች። ፊቷ ሲለወጥ እልልታዬን አቆምኩ። ቀስ ብላ ነገረችው። እኔ እንዲገባኝ ደግሞ ኩባያዋን አንስታ መዳፏን የኩባያው አፍ ላይ አደረገች። ሙሉ ነው ማለቷ ነው። የኢሜይል ሳጥኗ ሞልቷል፣ ደብዳቤህን አልተቀበለም፣ የመለሰው ማሽኑ ነው።

«ማነው የሞላው?» አላት።

ቢርጊታ ዓይኗን ወደ ኩባያዋ መለሰች።

ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ ክራቫቱን ያዘ፣ ግን አልጠረገውም። «እኔ ነኝ» አለ። «በሥዕል ሞላሁት። በሩን ራሴ ደፈንኩት እትዬ።»

ምን ልበለው? አፌ ቀልድ ብቻ ነው የሚያውቀው። «የሞላው በቅዱሳን ነው፣ ክፉ ነገር አልላክህባት» አልኩት። ሊስቅ ሞከረ። ያን ፈገግታውን ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ቢርጊታ አንድ ነገር ነገረችን። ልጅቷ አንድ ቀን ሳጥኗን ከፍታ ከጠረገችው ደብዳቤው ይገባል፣ አይመለስም። ስለዚህ መኩሪያ ሰኞ ሰኞ ያቺኑ ደብዳቤ ይልክ ጀመር። ትመለሳለች። በሰኞው ይልካል። ትመለሳለች። አስቀድሞ ሁልጊዜ ያነብልኝ ስለነበር እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኳት። አልማዝ፣ ሳታስተካክይ ጻፊ።

«ልጄ ሶስና። ቪዲዮሽን አሁን ወድጄዋለሁ። ስልክ ሲደወል ለምን ተነስቼ ኮቴን እንደምቆልፍ ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። ያንቺ ቪዛ ወጣ ብለው ከአዲስ አበባ የደወሉልኝ ቀን በካናቴራ ነበርኩ፣ ጸጉሬም አልተበጠረም። እንዲህ ያለ የምሥራች በካናቴራ በመቀበሌ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ደግ ወሬ ቢመጣ ለብሼ ልቀበለው ብዬ ነው። ስሜን ብትፈልጊ ያንቺው ነው። ባትፈልጊም የእናትሽ ስም የበለጠ ስም ነው። እኔ ግን አባትሽ ነኝ። አባትሽ።»

አንድ ዓመት ያህል እንደዚያ ሄደ። ኩላሊቱ ነው መጨረሻ ላይ የጣለው። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ የሆስፒታል ጋዋን ለብሷል፣ ላዩ ላይ ኮቱን ደርቦ። «ስልክ ቢደወልስ ብለህ ነው?» አልኩት። አዎ አለኝ። ኢሜይሉ የሚከፈትበትን በወረቀት ሥሎ ሰጠኝ፤ ፊደል ስለማላውቅ አንዱን ቦታ በቤት፣ አንዱን በቁልፍ፣ አንዱን በወፍ ሣለልኝ፤ የሚስጥር ቃሉንና ደብዳቤውን ለቢርጊታ አስረክቧል። «ሰኞን አይርሱብኝ» አለኝ።

«ሰኞን ልርሳ ብልስ አንተ ትተወኛለህ?»

«አልተውዎትም።» እጄን ያዘ። «እትዬ፣ ብትመጣና ባትደርስብኝ... ሳቀ ይበሏት። አይቶት ሳቀ ይበሏት።»

«ራስህ ትነግራታለህ» አልኩት። ይቺን ሳስብ ነው አሁንም ምላሴን መንከስ የሚያምረኝ። ለሚሞት ሰው «እሺ» ነው የሚባለው።

ለቅሶው ላይ ያ ሁሉ ፊቲያ የሳቀ ሰው መጣ። ኮታቸውን ይቆልፉ የነበሩት ወጣቶችም መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ ቀና አይሉም። ፎቶው የለም። አንድ የፓስፖርት ፎቶ ነበረው፣ እሱም አይመስለውም። የሞተው ሰው በቅጡ ሳይታይ እንዴት ይለቀሳል? አልማዝን «ላፕቶፕሽን አምጪ፣ ያንን ክፈቺ» አልኳት። «እማዬ፣ ለቅሶ ቤት?» አለች። ክፈቺ አልኳት።

ስልኩ ተደወለ። ሶስና ተነሳች፣ ኮቷን ቆለፈች፣ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ትከሻዋን እንዲያ አደረገች። እሱ ነው። ከእግር እስከ ራሱ እሱ ነው። አንድም ሰው አልሳቀም። «ሰው ነው እኮ የደወለው» ስትል ከወጣቶቹ አንዱ ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁት።

«ድገሙት» አልኩ። ደገሙት።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ። ቤቱን እጫናለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ወፏን እጫናለሁ። ደብዳቤዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ማንበብ ባልችልም የመመለሷን መልክ አውቀዋለሁ፤ ከላይ ጥቁር መስመር አላት፣ አጭር ናት፣ ቸኩላ ነው የምትመጣው። ክረምቱን ሙሉ ስትመለስ ከረመች። እኔም ደረጃው እየከበደኝ ነው፤ እኔ ሳልሆን ስቀር ማን ይልካል እያልኩ ባቡር ሲያልፍ ፈዝዤ እቆማለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ላክሁ። ጠበቅኩ። ጥቁሯ መስመር አልመጣችም። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ቢርጊታን ጠራኋት። አየችው። ወዲያና ወዲህ አለችው። ከዚያ የቀረ ሻይዋን ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው።

ሳጥኑ ባዶ ነው ማለቷ ነው። አልማዝ በኋላ ሄዳ አነጋገረቻት፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብላለች። አድራሻው ቢዘጋ ኖሮ ሌላ ዓይነት መልስ ይመጣል፤ ግን ማሽኖቹ ራሳቸው ያረጀውን ጠርገው ይሆናል፣ አይታወቅም ብላለች። አራት ሰኞ ሆነ፣ ደብዳቤዋ አልተመለሰችም። መልስም አልመጣም።

እኔ ማሽን አይደለም እላለሁ። ሰው ነው የከፈተው።

ስለዚህ ሶስና፣ ይሄን የሚያነብልሽ ካለ፣ እማማ ዘነቡ ነኝ። ሥዕሎቹን ካላጠፋሻቸው ሁሉንም አትዪ፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱ አንድ ነው፣ አንዷን አይተሽ እለፊ። አጭሯን ፈልጊ፣ ኮት የምትለዋን። ፊቲያ «ድገሙት» ያለችው እኔ ነኝ፤ ከመጣሽ መጀመሪያ እኔን ተቆጪ። አባትሽ አይቶት ሳቀ። አደራ ያለኝ ይሄን ነው፣ እኔ ራሴም ከጎኑ ሆኜ አይቻለሁ፣ ድምፁን ዘግቶ ይስቅ ነበር።

ሰኞ ሰኞ እዚያው ነኝ። ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆልፌ።